ሪአክት ራውተርና የላራቬል ገጾች በአንድ ሳይት፦ ይህ አድራሻ የማን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት በላራቬል (በፒኤችፒ በሚጻፍ የሰርቨር ፍሬምወርክ) የተሠራ ሲስተም አለው፤ ሎግኢን፣ ደረሰኝ፣ ሪፖርትና የዕቃ ዝርዝር በብሌድ (በላራቬል የገጽ ቅጽ) የተሠሩ የሰርቨር ገጾች ናቸው። ጠያቂው የትዕዛዝ ክፍሉን ብቻ ነጥሎ በሪአክት፣ ብራውዘር ውስጥ ገጽ በሚሠራው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ፣ እና አድራሻዎቹን በሚይዝለት በሪአክት ራውተር እንደ አዲስ ሠራው። ሊንክ ሲጫን ሁሉም ይሄዳል፤ ሪፍሬሽ ሲያደርግ 404 («ገጹ የለም») ይመጣል። አንድ ቦታ ባነበበው ምክር መሠረት «የፈለገው አድራሻ ቢመጣ ሪአክቱን ስጠው» የሚል ራውት፣ ማለትም አድራሻን ከገጽ ጋር የሚያገናኝ መስመር (እንዲህ ያለው ካች-ኦል ይባላል)፣ ከዌብ ራውት ፋይሉ አናት ላይ ጨመረ። ሪፍሬሹ ተስተካከለ፤ ደረሰኙ ግን ጠፋ፣ ሎግአውትም ሲጫን ሪአክት ራሱ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። «ሁለቱን ማቀላቀል ይቻላል ወይስ ሁሉንም ወደ ሪአክት ላዙረው?» ነው ጥያቄው።

ሰላም ወንድሜ። ይቻላል፤ ሁሉንም አታዙረው። የሚሠራ የደረሰኝና የሪፖርት ገጽ አፍርሶ በሌላ መሣሪያ መልሶ መገንባት ደንበኛው የማይከፍልበት ሥራ ነው። ያጋጠሙህ ሦስቱም ችግሮች ደግሞ ምንጫቸው አንድ ነው፦ አንድ አድራሻ ሁለት ባለቤት አግኝቷል፣ ወይም ጭራሽ ባለቤት አጥቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ አድራሻ አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው፤ ያ ባለቤት ማን እንደሆነ ሰርቨሩም ሪአክቱም እኩል ይወቁ፤ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መሻገር ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ የገጽ ጭነት ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ሊንክ ሲጫንና ሪፍሬሽ ሲደረግ ምን እንደሚለያይ በዓይንህ እየው። በብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያዎች ውስጥ ያለውን ኔትወርክ ታብ ክፈትና ከትዕዛዝ ዝርዝሩ አንዱን ተጫን። የአድራሻ አሞሌው «/ትዕዛዝ/57» ይላል። ኔትወርክ ታብ ላይ ግን የሚታየው ዓይነቱ «ፌች» የሆነ የዳታ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ዶክመንት» የሚል መስመር የለም። ሪአክት ራውተር በብራውዘሩ ሂስትሪ ኤፒአይ፣ «ፑሽ ስቴት» በሚባለው፣ አሞሌው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀየረው እንጂ ሰርቨሩን «/ትዕዛዝ/57 ስጠኝ» ብሎ አልጠየቀም። አሁን ሪፍሬሽ አድርግ። የመጀመሪያው መስመር «ዶክመንት» ሆኖ ይመጣል፤ ላራቬል ስለዚህ አድራሻ ሲጠየቅ ገና አሁን መጀመሪያው ነው። ራውት ስላልጻፍክለት 404 ይላል፤ እውነቱን ነው። ሊንኩን ለሥራ ባልደረባህ በቴሌግራም ብትልክለት ወይም ቡክማርክ ብታደርገው የሚሆነውም ያው ነው።

(አድራሻዎቹን እዚህ ለንባብ እንዲመች በአማርኛ ነው የምጽፋቸው። በኮድህ ውስጥ በላቲን ፊደል አድርጋቸው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ ለደንበኛ በኤስኤምኤስ የሚላክ ነገር አይሆንም።)

ለምን በልማት ጊዜ አላየሁትም ብለህ ካሰብክ፣ ሪአክቱን ለብቻው በቪት (የሪአክቱን ኮድ በሚያዘጋጀው መሣሪያ) የልማት ሰርቨር፣ ፖርት 5173 ላይ፣ ስትሠራው ስለነበር ነው። ቪት ለማያውቀው የገጽ አድራሻ ሁሉ ሳይጠየቅ ዋናውን ኤችቲኤምኤል ይመልሳል። ላራቬል እንዲህ ያለ ውለታ አይውልልህም። ሪአክቱን ለብቻው ሠርቶ በመጨረሻ ወደ ላራቬል የሚያስገባ ሰው ሁሉ ይህን ችግር የሚያገኘው ዲፕሎይ ባደረገ (ወደ ዋናው ሰርቨር ባወጣ) ዕለት ነው።

404 ሲመጣብህ ከየትኛው እጅ እንደመጣ ለይ። ሦስት ዓይነት ነው፣ መልኩም የተለያየ ነው። ነጭ ገጽ ላይ «404» ብሎ ከሥሩ የኤንጂንክስ (ከላራቬል ፊት ጥያቄውን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር) ስም የተጻፈበት ከሆነ ጥያቄው ላራቬል ዘንድ አልደረሰም፤ ችግሩ የኤንጂንክስ ኮንፊግ ነው። የላራቬል የራሱ 404 ከሆነ ፒኤችፒ ደርሷል፣ ራውት አላገኘም። የሳይትህ መልክ ያለው፣ አንተ በሪአክት የሠራኸው «ገጹ አልተገኘም» ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ 200 («እሺ») ብሎ ሪአክቱን ሰጥቷል፤ ያልገባው ሪአክት ራውተር ነው። የመጀመሪያ ችግርህ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ ካች-ኦሉን ስትጨምር ወደ ሦስተኛው ለወጥከው። ይህን ሳይለዩ ኤንጂንክስን መነካካት የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የአንተ ኤንጂንክስ ፋይል ሆኖ ያላገኘውን ሁሉ በ«ትራይ ፋይልስ» አማካይነት ለላራቬል መግቢያ ለኢንዴክስ ፒኤችፒ ያስተላልፋል፤ ለሪአክት ብለህ እዚያ ኢንዴክስ ኤችቲኤምኤል መጨመር አያስፈልግህም። ሲፓነል ባለው የጋራ ሆስቲንግ ላይ ከሆንክም በላራቬል ፐብሊክ ፎልደር ውስጥ ያለው ኤችቲአክሰስ ፋይል ይህንኑ ይሠራል፤ አትንካው።

ወደ ካች-ኦሉ እንምጣ። ላራቬል ራውቶችን በተጻፉበት ተራ ያያል፤ መጀመሪያ የገጠመው ይወስዳል። «ማንኛውም» የሚለውን አናት ላይ ስታስቀምጠው ከሥሩ ያለው የደረሰኝ ራውት ተራ አይደርሰውም። ብዙ ሰው «ወደ ታች አውርደው» ይልሃል፤ ደረሰኙ በእርግጥ ይመለሳል። እኔ ግን ከነጭራሹ አውጣው እላለሁ፤ መላውን ሳይት የሚጠቀልል ካች-ኦል ለተቀላቀለ ሲስተም አይሆንም። የዳታ አድራሻ በስህተት አንድ ፊደል ብታሳስት 404 ሳይሆን 200 ከነሙሉ ኤችቲኤምኤሉ ይመጣልሃል። በፖስት (ዳታ በሚላክበት ሜተድ) የሚላክ የተሳሳተ አድራሻ ደግሞ «የለም» በመባል ፈንታ 405 ይላል፤ አድራሻው በጌት (ገጽ በሚጠየቅበት ሜተድ) ስላለ ላራቬል «አድራሻው ትክክል ነው፣ ሜተዱ ነው የተሳሳተው» ብሎ ያስባል። ይህን 405 ስትፈልግ ግማሽ ቀንህ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ለሪአክቱ አንድ ቅድመ-አድራሻ ስጠው፤ «/ትዕዛዝ» ይሁን። በላራቬል በኩል አንድ ራውት ትጽፋለህ፦ «/ትዕዛዝ» እና ከሥሩ የሚመጣው ሁሉ፣ በ«ዌር» ገደብ ነጥብና ኮከብ ተሰጥቶት፣ ሪአክቱን የሚጭነውን ያንን አንድ ብሌድ ይመልስ። ይህን ራውት የሎግኢን ሚድልዌር (ያልገባን ሰው ወደ ሎግኢን የሚመልሰው ማጣሪያ) ውስጥ ክተተው፤ ጥቅሙን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። በሪአክት በኩል ደግሞ ራውተሩን ስትፈጥር «ቤዝኔም» የሚለውን «/ትዕዛዝ» በለው። ከዚያ ወዲያ ሪአክት ከ«/ትዕዛዝ» ውጭ ያለ ዓለም እንዳለ አያውቅም፣ ላራቬልም ከ«/ትዕዛዝ» በታች ያለውን ዝርዝር አያውቅም። ድንበሩ አንድ ቃል ላይ ተጻፈ፣ ሁለቱም ጋ። በሪአክት ፈንታ ቪው የምትጠቀም ብትሆን ይኸው ቃል ሂስትሪውን ስትፈጥር የምትሰጠው ቤዝ ነው፤ አንጉላር ላይ በገጹ ራስጌ ያለው ቤዝ መለያ ነው።

ቤዝኔም ስትሰጥ ግን ወዲያው የሚያደናግር ነገር አለ። በሪአክት ራውተር «ሊንክ» ኮምፖነንት ወደ «/ደረሰኝ/57» ብትል የሚወጣው አድራሻ «/ትዕዛዝ/ደረሰኝ/57» ነው፤ ቤዝኔሙን ራሱ ይቀጥልበታል። ኮዱ ላይ ያለው ትክክል ይመስላል፣ ብራውዘሩ ላይ ያለው ሌላ ነው። ወደ ሰርቨር ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሁሉ ተራው የኤችቲኤምኤል «ኤ» መለያ ይሁን። ከኮድ ውስጥ የምትልክ ከሆነም የራውተሩን «ናቪጌት» ትተህ የብራውዘሩን «ሎኬሽን አሳይን» ተጠቀም። «ሊንክ» ላይ «ሪሎድ ዶክመንት» የሚል አማራጭ አለ፤ እሱ ግን ሙሉ ጭነት ያስደርጋል እንጂ ቤዝኔሙን አያነሳልህም። በትልልቅ ኮድ ውስጥ እኔ የምወደው «የሰርቨር ሊንክ» የሚባል ትንሽ ኮምፖነንት መሥራት ነው፤ ውስጡ ተራ «ኤ» ብቻ ነው፣ ጥቅሙ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ባልደረባህ «ይህ ለምን ሊንክ አልሆነም?» ብሎ እንዳያስተካክለው ነው። ፒዲኤፍ ማውረጃና ኤክሴል ኤክስፖርትም ከዚሁ ክፍል ናቸው፤ ሪአክት ራውተር ፒዲኤፍ መክፈት አያውቅም።

ሎግአውት ለብቻው ይታይ። አሁን «ሊንክ» ስላደረግከው ሪአክት የራሱን ዝርዝር ፈልጎ አጣው። ወደ «ኤ» ብትቀይረውም ጥሩ አይደለም፤ በጌት የሚሠራ ሎግአውት ማንኛውም ሌላ ሳይት ላይ በተለጠፈ ሊንክ ሰውን ሊያስወጣ ይችላል። በፖስት የሚላክ ፎርም አድርገው፣ ከሲኤስአርኤፍ ቶከን (ጥያቄው ከራስህ ገጽ መምጣቱን ከሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ኮድ) ጋር፤ ሰርቨሩም ጨርሶ ወደ ሎግኢን ይምራው። ሙሉ ጭነት ስለሆነ በሪአክት ሚሞሪ ውስጥ የነበረው የቀድሞው ተጠቃሚ ዳታ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በፌች ሎግአውት አድርገው ስክሪኑን ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች ይህን ጽዳት በእጃቸው መሥራት አለባቸው፣ ብዙ ጊዜም አንድ ነገር ይረሳሉ።

አሁን ያልጠየቅከው ግን ሊመጣብህ የተቃረበ ጉዳይ፦ ሴሽን (ሰውየው መግባቱን ሰርቨሩ የሚያስታውስበት) ሲያልቅ። የላራቬል ሴሽን ካልቀየርከው በ120 ደቂቃ ያልቃል። የሰርቨር ገጽ ላይ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ሰውየው ሊንክ ይጫናል፣ ሎግኢን ይመጣለታል፣ ገብቶ ይቀጥላል። የትዕዛዝ ክፍልህ ግን ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ ገጽ ሳይቀይር የሚውል ነው። ከምሳ በኋላ ሠራተኛዋ ተመልሳ አንድ ትዕዛዝ ስትጫን ፌች ይላካል፤ ላራቬል ሴሽን የለም ብሎ በ302 ወደ ሎግኢን ይመራዋል። ፌች ደግሞ ምንም ሳይነግርህ መመሪያውን ተከትሎ ሄዶ የሎግኢን ገጹን ኤችቲኤምኤል በ200 ይዞልህ ይመጣል። ኮድህ «200 ነው፣ ጥሩ» ብሎ ወደ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሊቀይረው ሲሞክር ኮንሶሉ ላይ ያልተጠበቀ የ«<» ምልክት አገኘሁ የሚለው ስህተት ይወጣል፤ ሠራተኛዋ የምታየው የማይቆም የመጫኛ ክብ ነው። ያ የ«<» ምልክት የኤችቲኤምኤሉ የመጀመሪያ ፊደል ነው። በተቀላቀለ ሲስተም ውስጥ ይህን ስህተት ባየህ ቁጥር «ዳታ ጠይቄ ገጽ ተሰጠኝ» ብለህ ተርጉመው።

ከዚህ የባሰው ጣጣ ቀጥሎ ያለው ነው። ላራቬል ወደ ሎግኢን ከመምራቱ በፊት «ይህ ሰው የት ሊሄድ ነበር?» ብሎ አድራሻውን ሴሽን ውስጥ ይይዛል፣ ከገባ በኋላ እዚያ ሊመልሰው። ፌቹን ተራ የገጽ ጥያቄ መስሎት ስለነበር የያዘው የዳታውን አድራሻ ነው። ሠራተኛዋ ተናድዳ ሪፍሬሽ ሳታደርግ በሌላ ታብ የሎግኢኑን ገጽ ከፍታ ትገባለች፤ ስትገባም የትዕዛዝ ገጹ በመከፈት ፈንታ ስክሪኑ ሙሉ የጄሰን ጽሑፍ ሆኖ ይጠብቃታል። ስልክ የሚደወልልህ ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የዳታ ፌች «አክሰፕት» በሚለው ሄደር ጄሰን ብቻ እንደሚፈልግ ይናገር። ይህን ሲያይ ላራቬል ወደ ሎግኢን አይመራም፤ ንጹህ 401 ይመልሳል፣ አድራሻም አይዝም። ሁለተኛ፣ ፌች የምታደርግበት አንድ የጋራ ፈንክሽን ይኑርህና 401 ሲያይ ገጹን ሪሎድ ያድርገው። ወደ ሎግኢን አትላከው፤ ሪሎድ ብቻ። ሪሎዱ የ«/ትዕዛዝ/57»ን ዶክመንት ከላራቬል ይጠይቃል፤ ራውቱ የሎግኢን ሚድልዌር ውስጥ ስለሆነ ላራቬል ወደ ሎግኢን ይመራል፣ አሁን የሚይዘው አድራሻ ትክክለኛው የገጹ አድራሻ ነው፣ ሠራተኛዋም ከገባች በኋላ እዚያው ትዕዛዝ ላይ ታርፋለች። አንድ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው፤ በሪአክት ውስጥ የሎግኢን ገጽ፣ የጥበቃ ኮምፖነንት፣ «ከየት ነው የመጣኸው» የሚል ስቴት መሥራት ሁሉ ይቀርልሃል። የሰርቨር ገጽ መኖሩ ጥቅም የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጥንቃቄው አንድ ብቻ ነው፦ የ«/ትዕዛዝ» ራውት ሚድልዌሩ ውስጥ ካልሆነ ሪሎዱ ማቆሚያ የሌለው ዙር ይሆናል።

የሲኤስአርኤፍ ቶከንም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ብሌዱ ራስጌ ላይ በሜታ መለያ የታተመው ቶከን ገጹ በተጫነበት ቅጽበት የነበረው ነው። በሌላ ታብ ወጥታ ብትገባ ቶከኑ ይቀየራል፣ ይኸኛው ታብ አያውቅም፣ ቀጣዩ ፖስት 419 (ቶከኑ አልገጠመም) ይላል። ላራቬል ቶከኑን በኩኪም ስለሚልክ ከዚያ አንብብ፤ አክሲዮስ (በፌች ፈንታ የሚሠራ ላይብረሪ) የምትጠቀም ከሆነ ራሱ ያነብልሃል። በተራ ፌች ከሆነ የኩኪው ዋጋ ዩአርኤል ኢንኮድ የተደረገ መሆኑን አትርሳ፤ ዲኮድ ሳታደርግ ከላክኸው ቶከኑ ትክክል ሆኖ ሳለ 419 ይመጣብሃል።

ትዕዛዝ ካለ ክፍያ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ደንበኛው ወደ ክፍያ ኩባንያው ሳይት ሄዶ ከከፈለ በኋላ የሚመለስበት አድራሻ ፈጽሞ የሪአክት አይሁን። አንዳንድ የክፍያ ሲስተሞች ደንበኛውን የሚመልሱት በፖስት ነው። የሪአክትህ ራውት በጌት ብቻ ስለሚሠራ 405 ይሆናል። ይህን አልፈህ የላራቬል ራውት ብታደርግለት ሲኤስአርኤፉ 419 ይላል። ለእሱ ፈቃድ ብትሰጠው ደግሞ የማይታይ ሦስተኛ ችግር አለ፦ የላራቬል የሴሽን ኩኪ «ላክስ» ስለሆነ ከሌላ ሳይት በፖስት ሲመጣ ብራውዘሩ ኩኪውን አይልክም። ላራቬል «አዲስ እንግዳ ነው» ብሎ አዲስ ሴሽን ይከፍታል፣ አዲሱ ኩኪም የድሮውን ይደመስሳል፣ ደንበኛው ከፍሎ ሲመለስ ሎግኢን ያጋጥመዋል። ስለዚህ ይህን አድራሻ ሴሽን ከሚጀምረው የ«ዌብ» ሚድልዌር ቡድን ውጭ አድርገው፣ ለምሳሌ ኤፒአይ ራውቶች ፋይል ውስጥ። ሥራው የግብይቱን መለያ ተቀብሎ በ303 ወደ «/ትዕዛዝ/57/ክፍያ» መምራት ብቻ ነው። ያ በጌት የሚደረግ ጉዞ ስለሆነ የድሮው ኩኪ አብሮ ይሄዳል፣ ሪአክቱም ይከፈታል። ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለውን ግን ሰርቨርህ ከክፍያ ኩባንያው ሰርቨር በቀጥታ ይጠይቅ፤ በብራውዘር የመጣን ምንም ነገር አትመን።

ወደ ኋላ መመለሻው ቁልፍ ቀላል ነው፣ ግን አስብበት። ሰው ከትዕዛዝ ዝርዝሩ ወደ ደረሰኝ ሄዶ ወደ ኋላ ሲል ድንበር ተሻግሮ ነው የሚመለሰው፤ ሪአክቱ ከዜሮ ሊነሳ ይችላል። «ያልተላኩ ብቻ፣ ገጽ 3» ብሎ መርጦ የነበረው በሪአክት ስቴት ውስጥ ብቻ ከነበረ ጠፍቷል። ማጣሪያና የገጽ ቁጥር ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ በአድራሻው ላይ ይጻፍ። አንዳንዴ ደግሞ ብራውዘሩ ገጹን እንደነበረ አቆይቶ ከነሚሞሪው ይመልሰዋል፤ ያኔ የሚታየው ዳታ ያረጀ ነው። «ፔጅሾው» በሚለው ኢቨንት ላይ «ፐርሲስትድ» እውነት ከሆነ ዳታውን እንደገና ጥራ።

ስለ ሜኑው ሳትጠይቀኝ ልመልስ። የላይኛው ሜኑ በብሌድ ይቆይ፣ ሪአክቱ ከሥሩ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ሜኑው ላይ ያሉት ሊንኮች ተራ «ኤ» ስለሆኑ ሁሉም ሙሉ ጭነት ናቸው፤ ይሁኑ። ክሊኮችን ጠልፎ ወደ ራውተር የሚያስገባ ኮድ ለመጻፍ የሚፈተን ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ኮንትሮል ይዞ መጫንን፣ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ፣ በአዲስ ታብ መክፈትን፣ ማውረጃን ሁሉ ማስታወስ የሱ ዕዳ ይሆናል። ለዚህ የሚገባ ጥቅም አላይም።

ዲፕሎይ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቪት ፋይሎቹን ስማቸው ላይ ሀሽ (ከይዘታቸው የሚወጣ ኮድ) እየጨመረ ነው የሚያወጣቸው። አዲስ ስታወጣ የድሮዎቹን ካጠፋህ፣ ጠዋት ገጹን የከፈተው ሰው ከሰዓት ገና ያልተጫነ ክፍል ሲከፍት ብራውዘሩ የድሮውን ስም ይጠይቃል። መላውን ሳይት የሚጠቀልለው ካች-ኦል ቢኖርህ ኖሮ ለጃቫስክሪፕት ፋይሉ ምትክ ኤችቲኤምኤል በ200 ይሰጠው ነበር፤ ቅድመ-አድራሻ ስለሰጠኸው አሁን ትክክለኛ 404 ያገኛል። ቪት በዚህ ጊዜ «ቪት ፕሪሎድ ኤረር» የሚል ኢቨንት በዊንዶው ላይ ያሰማል፤ ሰምተህ ሪሎድ አድርግ። የድሮ ፋይሎችንም ለጥቂት ቀን አቆያቸው፤ ፎርም እየሞላ ያለ ሰው ላይ ሪሎድ ማድረግ ደስ አይልም።

«ሀሽ ራውተር ብጠቀምስ?» የሚልህ ሰው አይጠፋም፤ አድራሻውን ከ«#» በኋላ የሚጽፈው ዓይነት ማለት ነው። ከ«#» በኋላ ያለው ለሰርቨሩ ስለማይላክ ሪፍሬሽ ላይ 404 አይኖርም፤ እውነት ነው። በዚያው ልክ ግን ላራቬል ሰውየው የት እንደነበረ ስለማያውቅ ከሎግኢን በኋላ ወደ ቦታው ሊመልሰው አይችልም። ትዊተር በ2010 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድራሻዎቹን ሁሉ በ«#!» አድርጎ፣ በ2012 ገጾቹን ወደ ሰርቨር መልሷል። ጉግልም በ2009 ለእንዲህ ዓይነት አድራሻ ያቀረበውን ዘዴ በ2015 ትቶታል። ላራቬል በእጅህ እያለ ወደ ሀሽ ራውተር የምትሄድበት ምክንያት የለም።

ታዲያ የትኛው ገጽ ወደ ሪአክት ይሂድ፣ የትኛው ይቅር? መለኪያዬ ሰውየው አንድ ገጽ ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ትዕዛዝ ማስገቢያ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠሪያ፣ ብዙ መስመር ያለው ፎርም፤ እነዚህ ለሪአክት ይገባሉ። ከፍቶ አንብቦ የሚዘጋው ደረሰኝ፣ ሪፖርትና ፕሮፋይል ሰርቨር ላይ ይቅር። የዕቃ ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ደግሞ በፍጹም እንዳታነሳው። ሻጮች የዕቃውን ሊንክ በቴሌግራም ሲለጥፉ ፎቶና ስም ይዞ የሚወጣው ቅድመ-እይታ ከሰርቨሩ ኤችቲኤምኤል የሚነበብ ነው፤ ቴሌግራም ጃቫስክሪፕትህን አያስኬድም። ሪአክት ብታደርገው የሁሉም ዕቃ ሊንክ አንድ ዓይነት ርዕስ ይዞ ይወጣል። የተሰረዘ ዕቃ አድራሻም ሰርቨሩ 200 እያለ «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ስለሚያሳይ ጉግል ሐሰተኛ 404 ብሎ ይመዘግበዋል። ነገ የሪአክቱ ክፍል ከሲስተሙ ግማሽ በላይ ከሆነ ኢነርሺያን እይ፤ ራውቱን ሁሉ ላራቬል ላይ ትቶ ገጹን ብቻ በሪአክት ያወጣልሃል፣ የባለቤትነቱ ክርክርም እዚያው ያልቃል። አሁን ላለህ መጠን ግን አያስፈልግህም።

በመጨረሻ፣ የሪአክት ፕሮጀክትህ ላይ ሰርቪስ ወርከር (በገጹና በሰርቨሩ መካከል የሚቀመጥ የብራውዘር ስክሪፕት) ካለ፣ ፒደብሊውኤ (ሳይትን እንደ አፕ የሚያስጭን) ፕላግኢን ስትጨምር አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርተህም ደረሰኙ አሁንም የሪአክቱን ገጽ ሊያሳይህ ይችላል። ሰርቪስ ወርከሩ የገጽ ጥያቄዎችን ከብራውዘሩ ሳይወጡ ይዞ ያስቀመጠውን ዋና ገጽ ሊመልስ ስለሚችል ላራቬል ጭራሽ አይጠየቅም። ምልክቱ ይህ ነው፦ በኢንኮግኒቶ ይሠራል፣ ከተርሚናል በከርል ስትጠይቀው ትክክለኛው ደረሰኝ ይመጣል፣ አንተ ብራውዘር ላይ ብቻ አይሠራም፤ ኔትወርክ ታብ ላይም ዶክመንቱ ከሰርቪስ ወርከር እንደመጣ ይጻፋል። የወርከሩን ስኮፕ «/ትዕዛዝ/» ብቻ አድርገው። ቀድሞ በሥሩ «/» ላይ የተመዘገበ ካለ አዲሱን መጫን ብቻውን አያጠፋውም፤ በድሮው ወርከር ፋይል አድራሻ ላይ የራሱን ምዝገባ የሚሰርዝ ወርከር አስቀምጠህ ሁሉም ሠራተኞች ብራውዘር ላይ እስኪደርስ ተወው።